የዴል ጥቁር መኪና እና የእትዬ አሰገደች ነጠላ

በእኛ ጊዜ መኪና ማጠብ ማንም ያውቅበት ነበር፤ ሙያው ማድረቁ ላይ ነው። አትሳቁ እንጂ! አንቺም ልጄ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ስሚኝ። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚባል ከተማ አንድ መኪና መሸጫ ነበር፣ እዚያ አራት ዓመት ሙሉ የእኔ ሥራ ማድረቅ ብቻ። ሌላው ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። ሰው "ምን ትሠራለህ?" ሲለኝ "መኪና አደርቃለሁ" እላለሁ፤ "ምነው፣ ፀሐይ የለም እንዴ?" ብሎ ይስቅብኛል። ፀሐይማ ነው ጠላታችን! ውሃው ቀለሙ ላይ በራሱ ከደረቀ ነጠብጣቡ እንደ ኩፍኝ ምልክት ይቀራል።

እና ታዲያ አለቃዬ ዴል የሚባል ሽማግሌ ነበር፣ ፊቱ ቀይ፣ ሆዱ ትልቅ። የተቀጠርኩ ቀን ፎጣ ሰጠኝ፣ እኔም ፈተግ ፈተግ አደረግሁት። "ስቶፕ! ስቶፕ!" እያለ እየሮጠ መጣ። ድስት ነው እንዴ የምታጥበው ማለቱ ነው በእሱ ቤት። ታዲያ አሳየኝ። ከጣሪያው ትጀምራለህ፣ ፎጣውን ዘርግተህ ታስተኛዋለህ፣ ከዚያ በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ ወደ ራስህ ትስበዋለህ። መፈተግ የለም! ፎጣው መሬት ከወደቀ ደግሞ አለቀለት፣ ከዚያ ወዲያ ለጎማ ነው። ፎጣው ጠርዝ ላይ የተሰፋችው የፋብሪካ ምልክት እንኳ በመቀስ ትወጣለች፤ ክሩ ይጭራላ! ገባችሁ?

ይኸው ዴል የራሱ ጥቁር ካዲላክ ነበረችው። ጥቁር ቀለም ምንም አይደብቅም፣ በጥፍርህ ብታልፍባት ከመንገድ ማዶ ይታያል። ከእኔ በቀር ማንም አያደርቃትም ነበር። ታዲያ ጓደኛዬ ሰለሞን ሊያገባ ሆነና መጣብኝ፤ "አንተ ታደሰ፣ ያቺን ጥቁር መኪና አስፈቅድልን፤ ሙሽራዋን በአውቶቡስ ላምጣት እንዴ?" አለኝ። እኔም እየፈራሁ ዴልን ጠየቅሁት። አየኝ፣ አየኝና "ታዴ፣ ለአንተ ስል እሺ። ግን አንዲት ጭረት ካየሁ ሰኞ አትምጣ" አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ያን ጊዜ ደግሞ እናትሽ ሰባተኛ ወሯ ነው፣ ኢንሹራንሳችን በእኔ ሥራ ነው። ሥራው ከሄደ ሐኪም ቤቱም ሄደ ማለት ነው። እና በጣም ፈርቼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አጠብኳት፣ አደረቅኳት፣ ፊትህን ታይባታለህ። አበባውንም በር በሩ ላይ ብቻ አሰርኩ፣ ኮፈኑን አላስነካም። ሾፌሩም እኔው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቆምኳትና ሥርዓቱን ልይ ብዬ ገባሁ። ለካ ውጭ ካፊያ ጥሏል። ስወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው? የሙሽራዋ እናት እትዬ አሰገደች፣ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ወራቸው ነው፣ አዲሱን ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ኮፈኑን ይፈትጉታል!

"እትዬ! እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዝም በል ወዲያ! ልጄ በነጭ ቀሚሷ እርጥብ መኪና ትደገፍልህ እንዴ?"

"በነጠላ?"

"ጥጥ ነው እኮ! ከዚህ የለሰለሰ ከየት ልታመጣ ነው?"

ጥጡስ እውነት ነው ጥጥ ነው። ግን እሳቸው መች በጥጡ አበሱ! ነጩ እንዳይቆሽሽባቸው ብለው በጥለቱ በኩል ነው የሚያብሱት። ጥለቱ ደግሞ ወርቃማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሸካራ ክር! ኮፈኑን ባየው ሁለት ድመት የተናከሰበት ነው የሚመስለው። "እትዬ፣ ሥራዬን አሳጡኝ፣ ገደሉኝ!" አልኩና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ። እሳቸውም ክው አሉ።

እሑድ ቅዳሴም አልሄድኩም። የመኪና ቀለም ማለስለሻ ፖሊሽ ገዛሁና ከጠዋት ጀምሬ በእጄ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሳሽ ሳሽ፣ ክንዴ እስኪዝል። ለነገሩ ጭረቱ ላይ ላዩን ነበርና ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፋ። ሰኞ ማለዳ ቁልፉን አስረከብኩ። ዴል አንዴ ዞራት፣ ሁለቴ ዞራት። "ጉድ ጆብ፣ ታዴ" አለኝ። እፎይ! ምነው ለእትዬ አሰገደች ደውዬ ጠፍቷል ብላቸው ኖሮ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። እትዬ አሰገደች! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። አንደኛው አቶ ኪዳኔ ናቸው፣ የአስመራ ሰው፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚበልጥ፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰዋል። መኪና ሊገዛ የመጣው ፈረንጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆመ። ዴል ወንበር ሰጣቸው፣ እምቢ።

"ይቅር ሳይባል አንቀመጥም" አሉ አቶ ኪዳኔ። "በል ተርጉምልን።"

አስተርጓሚው ማን ነው? ተከሳሹ እኔ!

"ይህ ልጅ ዝርክርክ ነው፣ የአደራ መኪና ትቶ ገባ። ቢሆንም እርስዎ እንደ አባት ሆነው ይማሩት" አሉ።

እኔም ወደ ዴል ዞርኩና "በጣም ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ስለ መኪናው እናመሰግናለን ይላሉ" አልኩ።

ዴል ፈገግ አለ። እትዬ አሰገደች ፈገግታውን ሲያዩ "ምኑ ነው የሚያስቀው? ይሄ ልጅ ልክ አልነገረውም" አሉና እጁን ይዘው እየጎተቱ ካዲላኳ ጋ ወሰዱት። ኮፈኑን ያሳያሉ፣ ነጠላውን ያሳያሉ፣ ደረታቸውን ይደቃሉ። "ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው?" አለኝ ዴል። ከዚህ ወዲያ ምን ልዋሽ? "በዚህ ጨርቅ ጭሬብሃለሁ ነው የሚሉት" አልኩ።

መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ ፈለገ። ምንም የለም። "የታለ?"

እትዬም ጎንበስ ብለው አዩ። "ምን ጉድ ነው! የት ሄደ? እንዲህ አድርጌ ነበር እኮ ያበስኩት..." አሉና ጭራራራ! በዚያው በጥለቱ! ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ!

ዴል አፉን ከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ፊቱ ከቀይ ወደ ነጭ፣ ከነጭ ወደ ቀይ።

"ምን አለ?" አሉኝ እትዬ፣ እንባቸው እየወረደ።

እና እኔ ታዲያ ምን ልበል? "ይቅር ብያለሁ አለ" አልኳቸው።

እልልልልል! ዘለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፣ ጉንጩን ግራ ቀኝ ሳሙት። አቶ ኪዳኔ እጃቸውን ዘርግተው "እድሜና ጤና ይስጥህ፣ ቤትህ አይጉደል!" እያሉ መረቁት፣ ሁለተኛው ሽማግሌ "አሜን! አሜን!" ይላል፣ ፈረንጆቹ ያጨበጭባሉ። ዴል በእትዬ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ።

"ታዴ፣ ምን አልካቸው?"

"ይቅር ማለትህን ነገርኳቸው።"

"ብያለሁ እንዴ?"

ኮፈኑን አየ። አንገቱን አቅፈው የሚያለቅሱትን ሴትዮ አየ። የሚመርቁትን ሽማግሌዎች አየ። "ዌል..." አለ፣ "ብያለሁ መሰለኝ።" ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔም ፖሊሼን ፍለጋ ሄድኩ።

"ዌት፣ ቆይ አባዬ" አለች ይቺው ልጄ፣ "ዴል እኮ ይቅር አላለም ነበር። ዋሸሃቸው!"

ምን ዋሸሁ? ትንሽ ቀደምኩት እንጂ! ሃ ሃ ሃ!