ጥፋተኛው በር

የመንገድ ሥራው ካቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አፈርን በተረከዛቸው እየመቱ ሲመርጡ ስለኖሩ፣ ሠራተኞቹ «ጋሽ ተረከዝ» ይሏቸዋል። በበጋው ማብቂያ አንድ ጠዋት፣ ከአፈር ላቦራቶሪ የተላከችው ባለሙያ ከመኪና ስትወርድ ቢያዩ፣ የገዛ እህታቸው ልጅ ሆና አገኟት።

«እንዴት አደሩ አጎቴ? በዚህ አፈር ላይ የመንገዱን ጠጠር እንዳያስደፉ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«አዝዬ ያሳደግሁሽ ልጅ ልታስቆሚኝ መጣሽ?» አሉና መሬቱን በተረከዛቸው መቱት። «ስሚው! ድንጋይ ነው።»

«በበጋማ ድንጋይ ነው። መረሬ አፈር ግን ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከዚህ የተላከልን የአፈር ዱቄት በመለኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድሮ እጥፍ ሆኗል።»

«ብርጭቆ መንገድ ሠርቶ ያውቃል?»

ልምድ ታላቅ መምህር ነው፤ ዳሩ ግን ተማሪው መጠየቁን ሲተው፣ ያንኑ ስሕተት ሲያስተምረው ይኖራል።

«ከወንዙ ማዶ የሠሩት መንገድስ በየዓመቱ የሚጠገነው ለምንድን ነው?»

«ሾፌሮቹ ከልክ በላይ እየጫኑ ነዋ!»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ጠቆረ። ሾፌሮቹ ያንን ስፍራ «የጋሽ ተረከዝ ጠባሳ» ይሉታል። ይህኛው ከጡረታ በፊት የመጨረሻ ሥራቸው ነበርና፣ ሌላ ጠባሳ ትተው መሄዱን እንደ ሞት ይፈሩት ነበር።

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የቤትዎ በርስ በየክረምቱ አልዘጋ የሚለው?»

«ውሃ ጠጥቶ ያብጣላ! በየዓመቱ ጠርዙን እሞርደዋለሁ።»

«አጎቴ፣ በርዎ እኮ ብረት ነው።»

አንዱ ሠራተኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ብረት ውሃ አይጠጣም» አሉ ካቦው ቀስ ብለው።

«አይጠጣም። የሚጠጣው ከመሠረቱ ሥር ያለው መረሬ ነው፤ እሱ ሲነሣ መቃኑ ይጣመማል።»

«እንግዲያ ሃያ ዓመት ያለ ጥፋቱ በሩን ስቀጣው ኖርኩ በይኛ!»

«ሾፌሮቹንም።»

ካቦው አንገታቸውን ደፉ። «ታዲያ ምን ይበጃል?»

«መረሬው አንድ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይውጣ፤ በማያብጥ ጠጠርማ አፈር ይተካ፤ ግራና ቀኙም ቦይ ይበጅለት።»

«ይዘገያል እኮ፣ ልጄ።»

«ዘንድሮ ይዘገያል። ከርሞ ግን አይፈርስም።»

ካቦው ጠጠር ጭነው ወደ ቆሙት መኪኖች ዞረው እጃቸውን አነሡ። «መልሱት!»

ሁለት ክረምት አለፈ። በሽተኛው ሳይንገላታ፣ እህሉ ሳይበሰብስ፣ ተማሪውም ጭቃ ሳይውጠው በዚያ መንገድ ይመላለሳል። የአፈሩን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው።

ጡረታ የወጡት ካቦ ደግሞ ሞረዳቸውን ሰቅለው አካፋ አነሡ። በቤታቸው መሠረት ዙሪያ ቦይ ሲቆፍሩ ያዩ ጎረቤት «ምነው፣ በሩን ዘንድሮ አይሞርዱትም?» ቢሏቸው፣ ቀና ብለው መለሱ፦

«በሩንማ ይቅርታ ጠየቅሁት።»