የአቶ መሐሪ ሣርና የጎረቤት ዐይን

አቶ መሐሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሣር ሊገዙ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ዘንድ ሲደርሱ፣ የሰፈራቸውን ባለሱቅ የአብዱራሕማንን ልጅ ዘሃራን አገኟት። ዘሃራ እርሻ ተምራ ተመርቃ እዚያ ችግኝ ትሸጣለች። ሰላምታው ሲያበቃ ያለፈው ሣር ምን እንደነካው ጠየቀቻቸው።

ሰውየው ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጎረቤታቸው አቶ ብርሃኑ በአጥር ተንጠራርተው «እንዴት ያምራል» ባሉ በሳምንቱ ሣሩ ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውንም አዩት፤ ደረቀ። የሠላሳ ዓመት ጎረቤት፣ እናታቸውን አብሮ የቀበረ ሰው፣ ዐይኑ እንዲህ ይከፋል ብሎ ማን ያስባል? ግራ ገብቷቸዋል። ግራ ይግባቸው እንጂ ጎረቤታቸውን ሰላምታ ከነሷቸው ሁለት ወር አልፏል፤ አቶ ብርሃኑም ምን እንዳጠፉ ጨንቋቸው ይኖራሉ።

«ጋሼ፣ ሣሩን ከማንጠፍዎ በፊት መሬቱን አስቆፍረው ነበር?»

«ለሣር ደግሞ ምን ቁፋሮ አለው፣ ልጄ? ዕድሜዬን ሙሉ ለዓመት በዓል ቄጠማ ስጎዘጉዝ ማን ቆፈረልኝ?»

«ቄጠማ እኮ ውሎ የሚጣል ነው። ይኼኛው ሥር አለው፤ ሥር ደግሞ መውረጃ ይፈልጋል።»

አልተዋጠላቸውም። መሬታቸው ቀይና ለስላሳ መሆኑን ደጋግመው አስረዷት። እሷም ክርክሩን ትታ ዶማ ይዛ ተከተለቻቸው፤ የተማረ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ስንት ስብሰባ በቀረልን ነበር።

ግቢ ገብታ ብትቆፍር ዶማው ቋ ብሎ ነጠረ። ስንዝር ሳይሞላ የደረቀ ሲሚንቶ፣ የብሎኬት ስብርባሪና የዛገ ሚስማር ወጣ። አቶ መሐሪ አጎንብሰው አዩት። ሰርቪስ ቤቱን ሲያሠሩ «ትራፊውን እዚያው ደልድላችሁ ቀይ አፈር አልብሱት» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ብርሃኑ...» አሉ።

«ጋሽ ብርሃኑ ባያዩትም ይደርቅ ነበር» አለች ዘሃራ በትሕትና።

ስብርባሪው ተለቅሞ ይውጣ፣ መሬቱ ሁለት ስንዝር ያህል ይቆፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይደባለቅበት፣ ከዚያ ተስተካክሎና ውኃ ጠጥቶ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ይቆይ አለች። በሁለቱ ሳምንት ጉዳይ ተከራከሩ። ባዶ መሬት ታቅፎ መቀመጥ ነውር መስሏቸው ነበር፤ ያልረጋ አፈር ኋላ ይጎደጉዳል ስትላቸው ተረቱ። ጠዋት ጠዋት አፈሩን ሲያጠጡ ግን ከአጥሩ ማዶ የአቶ ብርሃኑ ሳል ይሰማቸዋል። ያን ጊዜ ያፍራሉ።

ሣሩ በተነጠፈበት ቀን ሄደው የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ።

«ዐይንህን አማሁት፣ ብርሃኑ። ጥፋቱ ግን ከገዛ ግቢዬ ተቆፍሮ ወጣ። ይቅር በለኝ።»

አቶ ብርሃኑ ተከትለዋቸው መጡ። አቶ መሐሪ እንደ ተማሪ ትምህርታቸውን ዘረዘሩላቸው፤ ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፣ የዝናቡ ውኃ ደጃፍ ላይ አይተኛም፣ አቧራው ቤት አይገባም፣ በየቀኑ ማጠጣትም ይቀራል። እንግዳው ግን ሽቅብ የቤቱን ጣሪያ ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ኧረ ሣሩን እየው እንጂ።»

«ነገ ቢደርቅስ?»

አቶ መሐሪ የጎረቤታቸውን ክንድ ያዙ። «ቢደርቅ መሬቱን ቆፍረን እንጠይቃለን፤ አንተን አንጠይቅም። እየው።»

አቶ ብርሃኑ ቀስ ብለው ዐይናቸውን አወረዱ። ጎንበስ ብለው አዩትና «ያምራል» አሉ።