ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ጸደቀ! አሁን፣ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ! ከእንግዲህ ተማሪዎች ማኅተም ሳይጠየቁ፣ በየወሩ ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ጥያቄያቸውን በራሳቸው አፍ ይናገራሉ።

ይቅርታ፣ ደስታው ሰላምታዬን አስረሳኝ። ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ፣ ይህን መሰናበቻ ስላዘጋጃችሁልኝ እግዜር ያክብርልኝ። «ንግግርሽ አጭር ይሁን» ተብያለሁ። እንዲህ ያለኝ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ነበር?

ዛሬ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። ሥራችንን ታውቁታላችሁ፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ መዝገብ አይገባም። ተማሪ ደግሞ ማኅተም ከየት ያመጣል? ስንቱን ልጅ «ሂድ፣ አስመትተህ ና» ብዬ ከመስኮቱ እንደመለስኩ ቤት ይቁጠረው።

አምና አንዲት ተማሪ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ደብዳቤዋ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ይቀባልን የሚል ነው።

«የእኔ ልጅ፣ ማኅተም የለውማ» አልኳት።

«እትዬ፣ መኪናው ሲመጣ ማኅተም አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም እኮ!»

ምን ይባላል? ደብዳቤዋን ይዤ ክቡር አፈ ጉባኤ ቢሮ ዘው አልኩ። ፊታቸው ነው የምናገረው፣ ሐሜት አይደለም፤ ፈገግ ብለው «ልጆች ናቸው፣ ሲያድጉ ይደርሱበታል» አሉኝ።

«መንገዱን በደኅና ከተሻገሩ አይደል የሚያድጉት?»

ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አነበቡት። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ተመራጮች አስከትለው እዚያው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ለመሻገር ስንት ደቂቃ እንደፈጀባቸው እሳቸው ይንገሯችሁ። ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ተመለሱና «እኛ ያላየነውን እነዚህ ልጆች አይተዋል» አሉ።

መሻገሪያው ተቀባ። ግን ያ ውለታ ነበር፤ ውለታ ደግሞ ሰው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። እኔ ጡረታ ስወጣ ቀጣዩ ልጅ ከዚያው መስኮት ይመለስ ይሆን? ሐሳቤ ይኸው ነበር። ሲናገር ሰሚ ያጣ ልጅ፣ ሲያድግ የምርጫ ካርድ ብንሰጠው ምን ያደርግበታል? የዛሬው ውሳኔ ገላገለኝ። ወንበሬን የምትረከቢው እህቴ፣ አደራ፤ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚል ስሚው።

ሰሚ ጆሮ አይንሳችሁ። ደፍሮ የሚጠይቃችሁ ልጅ አይጥፋ። የደከማችሁበትን ለማየት ያብቃችሁ።

ያቺ ልጅ የፊታችን ሐሙስ በምክር ቤቱ አዳራሽ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ናት። እኔ ከፊት ወንበር ይዣለሁ። «ሥራ አለብኝ» የሚል አልሰማም፤ መዝገብ ቤቱን ቆልፋችሁ ኑ። ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት!