ባና የለበሰው ማይክሮስኮፕ

ነገሩን የሰማሁት በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ የበግ ምርምር ጣቢያ ግምጃ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ነበር። ከተባለው ግማሹ ጠፍቶብኛል፤ የቀረውን እግዚአብሔር በምክንያት ያቆየልኝ መስሎኝ እጽፈዋለሁ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደአረጋይ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው የቄስ ልጅ ነበሩ። ፊታቸው የቆመችው ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጠይባ፣ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። በመዘዞ በኩል በጎች በጉበት ትል እያለቁ ነው። የተሰጣቸው መድኃኒት መሥራቱን ለማወቅ በጠጣቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት አለባት። ማይክሮስኮፑ ግን ከመጣ ሁለት ክረምት ቢያልፍም ከሳጥኑ አልወጣም፤ ጣቢያው ለአምፖሉና ናሙናው ላይ ለሚንጠበጠበው ዘይት የሚሆን በጀት የለውም። እሷም የከተማው ጤና ጣቢያና ጎረቤታችን ያለው የገብስ ምርምር አብረውን ይጠቀሙ፣ ወጪውንም አብረው ይቻሉ ትላለች።

«የአልዩ አምባ ገበያ ለምዶብሽ ነው» አሏት። «አንዱን ዕቃ ለሦስት ሰው ልትሸጪ?»

«ኧረ ጋሼ፣ የሚሸጥ የለም። ሦስቱም እንዲያዋጡለት ነው።»

«ልጄ፣ የፈረምኩበት እኔ ነኝ። ቢሰበር አሻጥረኛ የምባለውም እኔ ነኝ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። በዚያ በደርግ ዘመን ቃሉ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ጠይባ አልተከራከረችም፤ ሳጥኑን ራሳቸው እንዲከፍቱት ብቻ ለመነች። ባለቤታቸው ከፈተሉት የበግ ፀጉር በተሠራ ባና ጠቅልለውታል። መጽሐፍ ከማኅደሩ እንደሚያወጣ ሰው ቀስ ብለው ገለጡት። እሷም አንዱን የማያ መስተዋት ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችላቸው። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቶበታል።

«ማን ነካው?»

«ማንም። ሻጋታ ነው፣ ጋሼ። ባናው የክረምቱን እርጥበት ይዞ አፈነው። አሁን ይጠረጋል፤ ሌላ ክረምት እንዲህ ከከረመ ግን አይተርፍም።»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ክሩን አዩት። አዘንኩላቸው። ንፉግ ሆነው አልነበረም የቆለፉት፤ አደራ መጠበቅ መቆለፍ ብቻ መስሏቸው ነው። እኔም ስንት ነገር እንዲሁ አበላሽቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የጠየቁት፣ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ነበር። ጠይባ አስባበት ኖሮ በዝርዝር ነገረቻቸው። ሦስቱ ኃላፊዎች የጋራ ውል ይፈርማሉ። ጤና ጣቢያው ዘይቱንና አልኮሉን፣ የገብስ ምርምሩ አምፖሉንና ጥገናውን፣ የበግ ጣቢያው ክፍሉንና ባለሙያውን ይችላሉ። የሚጠቀም ሁሉ ሲረከብና ሲመልስ የዕቃውን ሁኔታ መዝግቦ ይፈርማል።

«የሳምባ ሕሙማን አክታቸው አዲስ አበባ ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ ይጠብቃሉ» አለች። «ገብሱን ምን እንደሚያደርቀው የሚያይ የለም። ብቻችንን አንዳችንም አንችለው። አብረን ከያዝነው ግን በጉም፣ ሰውም፣ እህሉም በአንዱ ይታያል። የእርስዎም ፊርማ ብቻውን አይቆምም።»

አቶ ወልደአረጋይ ባናውን አጣጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

«ይህ ከእንግዲህ የእኔን ብርድ ይከላከል» አሉ። «ሦስቱ የፈረሙበትን ወረቀት አምጪ። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሳጥኑን እኔው እከፍታለሁ፤ ማታም ተጠርጎ ሲገባ አያለሁ። እጁን ያልታጠበ ግን አይነካውም።»