ድንኳን ያልተተከለበት ደጅ

ክቡራን ለቀስተኞች፤ ዛሬ ከዚህ ደጅ ለመጨረሻ ጊዜ የሚወጡትን የታላቅ እኅቴን የወይዘሮ ሳህሊቱ አጥናፉን ዜና ሕይወት፣ በእጃቸው ተክለው ባሳደጉት ዛፍ ሥር ቆሜ አነባለሁ።

ወይዘሮ ሳህሊቱ ከአባታችን ከአቶ አጥናፉና ከእናታችን ከወይዘሮ አይናዲስ በ፲፱፻፰ ዓ.ም. መሰላ አጠገብ በጫካ ዳር ተወልደው፣ ሴት ልጅን ማስተማር ብዙ ባልተለመደበት ዘመን ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ከአቶ ኃይለየሱስ ዘገየ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወደ አሰበ ተፈሪ መጡ። በዚህም ከተማ የሺሐረግንና ዓባይን ወልደው በማዕረግ አሳደጉ።

በ፲፱፻፵፬ ዓ.ም. የተወለዱበት ጫካ ለእርሻ መመንጠሩን በሰሙ ጊዜ መርዶ እንደ ተረዳ ሰው አለቀሱ። ክረምት ሲገባም ከተረፈው ጫካ ችግኝ ከነአፈሩ በአህያ አስመጥተው በቤታቸው መግቢያ ላይ ተከሉ። መጀመሪያ እንደ መንግሥት ግቢ ጥድ በሰልፍ ቢደረድሯቸው በጋው ፈጃቸው። ጎረቤታቸው አዴ ሙሚና፣ ተሰልፎ የበቀለ ጫካ አይተው ያውቁ እንደሆነ ቢጠይቋቸው ስቀው፣ በሚቀጥለው ክረምት ዋንዛውንና ብርብራውን ከዳር፣ ዝግባውን ከእነርሱ ጥላ ሥር፣ አጋሙንና ቀጋውን ዝቅ አድርገው ተከሉ፤ ከአጥሩ በር ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ እንደ ጫካ መንገድ አጠማዘዙት፤ የረገፈውንም ቅጠል ማንም እንዳይጠርግ ከለከሉ።

ደጅ ግን በአገራችን የድንኳን ቦታ ነው። ሰው ባሕር ዛፉን ከጓሮ ተክሎ ፊት ለፊቱን ባዶ የሚተወው ሠርግም ሐዘንም ስለማይቀር ነው። በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. የአቶ ኃይለየሱስ እናት ሲያርፉ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ጠፍቶ ልቅሶው በአዴ ሙሚና ግቢ ሆነ። አቶ ኃይለየሱስም የእናቴን ለቀስተኛ በሰው ደጅ አስቀመጥሁ ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱ፤ ከአርባው በኋላ መጥረቢያቸውን ስለው ወጡ። እኔ አልፈርድባቸውም። እኅቴ በግትርነት ማንም የማይችላቸው ሰው ነበሩና፣ የራሳቸው የሞት ቀን እስኪደርስ ባለቤታቸው እንዲታገሷቸው፣ በዚያ ቀን አንድ ለቀስተኛ እንኳ ፀሐይ ካገኘው ግን ሁሉንም እንዲቆርጡት ተናገሩ። አቶ ኃይለየሱስ መጥረቢያውን ወደ ጓዳ መለሱት፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ወንበራቸውን ከብርብራው ሥር ማውጣት ጀመሩ።

ወይዘሮ ሳህሊቱ ከአምና ጀምሮ በልብ ሕመም ሲሠቃዩ፣ አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ዛፎቻቸውን እያዩ ከርመው፣ ትናንት የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ዐረፉ።

ዛሬ ጧት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው ሲመጡ ከአጥሩ በር ላይ ቆመው የመለሷቸው አቶ ኃይለየሱስ ናቸው። አሁን ቀትር ነው፤ ለቀስተኛውም ብዙ ነው፤ ከመካከላችን ግን ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የለም።

እኅቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንደ እኅት የሚያዩዋቸውን አዴ ሙሚናንና ይህን ደጅ ትተው ሄደዋል። ለእኛ ጥላ አዘጋጅተው የሄዱትን አምላካቸው በገነት ደጅ በጥላ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን። አሜን።