ከሩዙ ጋር ፀሐይ ላይ የዋሉት ጠርሙሶች

በጣራ ገዳም እምላለሁ፤ ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ የሩዝ መፈልፈያዬ ድንጋይ ይፍጭ። ከሐሙሲት እስከ ይፋግ እኔን ደሞዝን የሚጠራጠር ሰው የለም።

ባለፈው ታኅሣሥ ወረታ ላይ ከመፈልፈያ ቤቴ ስወጣ፣ ጎረቤቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ሩዝ ከተሰጣበት ሸራ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ከሩዙ ጎን አንድ ሺህ ጠርሙስ ተደርድሯል! ጠርሙሶቹ በግቢዬ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው የጥሩብርሃን ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ በተማረችው ጥበብ ከቅጠል ቁራጭ የቤት አበባ ታበቅልባቸዋለች። በሳምንቱ አበባ የሚያባዙ የባሕር ዳር ሰዎች መጥተው ካማራቸው ሥራ ሊሰጧት፣ ካላማራቸው ክፍሏን ዘግታ ልትሄድ ነው።

«ምነው መሪጌታ፣ ምን አደረጉ?»

«ጓዳ አፍና ልትጨርሳቸው ነዋ! በፎገራ ፀሐይ ያልጠገበ ቡቃያ የት ያፈራል?»

ጥሩብርሃን ደረሰች። አንዱን ጠርሙስ ብታነሳው ጣቷን ፈጃት፤ ቡቃያው እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። አልጮኸችም። ብትሳደብ በቀለለ! ሰው እንዲያ ሲያፍር ጆሮው ይግላል፣ እጁን የሚያስቀምጥበት ያጣል፤ የገዛ ግቢው ይጠብበታል።

«ልጄ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«አውቃለሁ አባቴ። ግን ክዳኑ የታሸገ ነው፤ ሙቀቱ ገብቶ መውጫ ያጣል። ደግሞ ገና ናቸው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ከሥራቸው እንደ እርጎ የረጋው ስኳር ያለበት ምግብ ይበቃቸዋል።»

«ታዲያ በጨለማ ይኑሩ?»

«የኔዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ቀን በጨለማ ይሰነብታሉ። ሲያቆጠቁጡ ለስላሳ አምፖል ነው፤ ብርሃኑ ካነሰ ገርጥተው ይቀጥናሉ፣ ከበዛ ይቃጠላሉ። ከጠርሙስ ሲወጡ ደግሞ መስኮት ዳር፣ በመጋረጃ፣ ቀስ በቀስ። ሕፃን በተወለደ ማግስት ጥሬ ያስቆረጥሙታል?»

እኔም ጣልቃ ገብቼ የብርሃንን ነገር ሦስት ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። አመኑ። የተረፉትን አቅፈው ወደ ጥላ አስገቡ፤ የባሕር ዳር ሰዎችም አይተው ልጅቱን ቀጠሯት። ዛሬ ወረታ ውስጥ ሐምራዊ አበባ የሌለበት መስኮት ፈልጋችሁ አታገኙም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለሩዝ ሲሳይ የሆነው ፀሐይ ለጠርሙስ ቡቃያ እሳት ነው፤ የሰው ሥራ ላይ እጅህን ከመስደድህ በፊት ባለሙያውን ጠይቅ።

ይህን ጽፌ ለባለቤቴ ለደብሬ አነበብኩላት። ሩዝ እየለቀመች ጨርሳ ሰማችኝ።

«ደሞዜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጠርሙሶቹ አርባ ነበሩ። ያወጣሃቸውም አንተ ነህ። መሪጌታማ ሮጠው በጋቢያቸው ባያጠሉልህ አሥራ ሁለቱም ባልተረፉ።»