ከብራዚል የመጣ ደብዳቤ

(አርባ ምንጭ መናኸሪያ፣ ማለዳ፤ የኳስ ማሳያ ቤት ያላት ወይንሸት የታናሽ ወንድሟን የምህረቱን ሻንጣ ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል።)

ምህረቱ፦ እትዬ፣ ሻንጣዬን ልቀቂ፤ ሰው እያየን ነው!

ወይንሸት፦ ይየና! ሻንጣውንም እጅህንም አለቅም።

ምህረቱ፦ እጄን ልትሰብሪው ነው። የበረኛ እንጀራው እጁ ነው።

ወይንሸት፦ እስቲ የሚወስድህን ክለብ ስሙን ንገረኝ።

ምህረቱ፦ ወኪሌ ሙላት ነግሮኝ ነበር፣ ረጅም ስም ነው… ብቻ ብራዚል ነው! የኳስ አገር!

ወይንሸት፦ ወኪል? ደላላ በለው! ስድስት ዓመት ኳስ አሳይቻለሁ። የእንግሊዝ ክለብ ሲጫወት ሰዉ በመስኮት ይገባብኛል። የብራዚል ክለብ ጨዋታ የከፈትኩ ቀን ከዘበኛው በቀር ማንም አልነበረም፤ እሱም ተኝቶ ነበር።

ምህረቱ፦ ሰው ስለማያያቸው ነዋ የተናቁት! አውሮፓ የሚያብረቀርቀው በማን ልጆች ነው? በነሱ አይደል?

ወይንሸት፦ እኔስ ምን አልኩ! የራሱን ልጅ ጢሙ ሳይወጣ ለአውሮፓ የሚሸኝ ክለብ፣ በረኛ አጥቶ አርባ ምንጭ ድረስ ይመጣል?

ምህረቱ፦ አውሮፓዎቹ እኔን ዞር ብለው አያዩኝም። በብራዚል ገብቼ እሻገራለሁ።

ወይንሸት፦ ላም አለኝ በሰማይ! ሙላት የእንግሊዝ ክለብ ቢልህ ኖሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "የትኛው?" ብሎ ያፋጥጠው ነበር። የማናውቀውን የጠራው ለዚህ ነው።

ምህረቱ፦ ፈርተሽ እኮ ነው። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማሽም?

ወይንሸት፦ ለእናትማ ፈሪው ይሻላታል። የጎረቤታችን የተከተል እናት አሁን ምን አላት? ልጇ በዚያው በብራዚል በኩል አሜሪካ እገባለሁ ብሎ ሄዶ "ጫካ ውስጥ ነን፣ ውሃ የለንም" ብሎ ከደወለ ዘጠኝ ወሩ። ስልኩን ታቅፋ ትውላለች።

ምህረቱ፦ ተከተል… እሱ ለኳስ አልሄደም።

ወይንሸት፦ ድምፅህ ምነው ተንቀጠቀጠ?

ምህረቱ፦ በርዶኝ ነው።

ወይንሸት፦ አርባ ምንጭ ላይ!

ምህረቱ፦ እሺ፣ ፈርቻለሁ! እንቅልፍ ካየሁ ሰነበትኩ። ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ ማን ይፈልገኛል?

ወይንሸት፦ ወንድሜ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ደብዳቤውን አውጣና አንብብልኝ። ከዚያ እሄዳለሁ ካልክ እለቅሃለሁ።

ምህረቱ፦ በእንግሊዝኛ ነው። ምን እንደሚል ሙላት ነግሮኛል።

ወይንሸት፦ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስከው አንተ ነህ ወይስ ሙላት? አንብብ!

ምህረቱ፦ "ውድ ምህረቱ፣ ያለፈውን ዓመት ጨዋታዎችህን ተመልክተናል። በተለይ… በተለይ ያስቆጠርካቸው አስራ ስምንት ጎሎች…"

ወይንሸት፦ ምነው ቆምክ?

ምህረቱ፦ እትዬ፣ እኔ እኮ በሕይወቴ አንድ ጎል አግብቼ አላውቅም።

ወይንሸት፦ በስመአብ! እስከዛሬ ምን ስታይ ነበር?

ምህረቱ፦ ስሜንና ማህተሙን።

ወይንሸት፦ ረዳቱ እየጠራህ ነው። ምን ልትለው ነው? ልልቀቅህ?

ምህረቱ፦ ሻንጣዬን አጥብቀሽ ያዢልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሙላት የመለመላቸው ሦስት ልጆች አሉ፤ እነሱም ደብዳቤያቸውን አላነበቡትም።